የወልደ የሱስ ኮት

መቱ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

እንደምን ከርመዋል? ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጎረቤቴ ዲሪቤ፣ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ኩመራ፣ የገበያው ሰው ሁሉ ሰላምታ ልኮልዎታል።

«ወንድሜ ይህን ያህል እስኪጎዳ ምን ይዞሽ ዝም አልሽ?» ብለው ጽፈዋል። ቢቆጡ አይፈረድብዎትም። ዝም ያልኩት ባለቤቴ ወልደ የሱስ ራሱ ስላስማለኝ ነው። «እህቴ ነርስ ናት፤ የሰማች ቀን ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ይል ነበር። አሁን እርስዎ ቤት ስለገባ መሐላው ፈርሷል፤ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ከሁለት ዓመት በፊት የያዮን ገበያ ውሎ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ሌላው ሰው አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ እሱ ወገቡን ተመታ። አጥንቱ ጠገነ፤ ሕመሙ ግን ከወገቡ ወደ ቀኝ እግሩ እየወረደ ቀረ። መጀመሪያ ኮዴይን የሚባል ኪኒን ሰጡት። ሲሰነብት አልበቃ አለው። ከዚያ ፔቲዲን የሚባለውን መርፌ ጀመሩለት። መርፌውን ሲወጉት ሰው ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ዕቃ ረስቶ እንደሄደ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ እጅና እግሩ ሳያዘው ብድግ ብድግ ይል ጀመር። ልብስ ሰፊ ሆኖ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተው። አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ ወደ እርስዎ የላክሁት ያኔ ነው።

ከቤት እስከ አውቶቡስ ተራ የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት። ከዚያ ኦቦ ኩመራ ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው እኔው ደጅ አመጡትና፣ «ቃሬዛ ባዶውን ወደ እድሩ ቤት አይመለስም፤ ክፉ ምልክት ነው። ወልዴ ሲመጣ አብሮ ይመለሳል» ብለው ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሄዱ። ዲሪቤ ባየችው ቁጥር ታማትባለች። እኔ ድንጋይ ላይ አጋድሜ ዝንጅብል አስጥቼበታለሁ። ከመሬት ከፍ ስላለ ቶሎ ያደርቃል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወልደ የሱስ ወደ ቤቱ እንዲመለስ። በመርፌ የታሰረ ሰው ከሆስፒታል አጥር አይርቅም። ዶክተሩ ምን እንዳሰበ፣ ሳያለሰልሱ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ትብለጥ

•

አዲስ አበባ፣ ጥር 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ትብለጥ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ባለፈው የጻፍኩልሽን ቁጣ ይቅር በይኝ፤ ወንድሜን ከአውቶቡስ ተሸክመው ሲያወርዱት አይቼ ነው የጻፍኩት። የላክሽው ማር ደርሷል። ቆርቆሮውን ከፍቶ ያሸተተው ወልዴ ነው፤ «የያዮ ነው» ብሎ ሳይቀምስ ከደነው።

ዶክተሩ ምን አሰበ ላልሽኝ፣ ቀዶ ጥገና አይሆንም ነው። ዶክተሩ ወገቡን ቢነኩት የባሰ ሊመጣ ይችላል አለ። መድኃኒቱን ግን ሊለውጥለት ቆርጧል። ፔቲዲን ለአጭር ጊዜ ሕመም እንጂ ለዓመታት ሕመም አይሆንም አለኝ። ሲደጋገም ትራፊው ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ነው እጅና እግሩን የሚያስፈነጥረው። በእሱ ፈንታ ሞርፊን በሽሮፕ መልክ ይጠጣል። ለመርፌ ወጊ ደጅ መጥናት የለም፤ ቤቱ ሆኖ ሕመሙን ሳይጠብቅ በሰዓቱ ይወስደዋል።

ወልዴ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ አይደለም እንዴ?» አለ።

ዶክተሩ ሳቀ። «ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ስለምናስታውሰው ነው ስሙ የጠፋው። አንተን የምፈልግህ ለሥራ ነው፤ የካፖርቴ ገበር ተቀዷል» አለው።

ጅማሬው ግን ቀስ እያለ ነው። የአሮጌው መጠን በአዲሱ ስንት እንደሚሆን ካሰላ በኋላ ከዚያም ዝቅ አድርጎ ጀመረለት። «አካሉ የለመደው አሮጌውን እንጂ አዲሱን አይደለም፤ እኩል በእኩል ብለውጠው ሊከብደው ይችላል» ነው የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመሙን ሙሉ በሙሉ አይዝለትም፤ ይታገሣል። ከዚህ ሌላ አንድም የሕመም መድኃኒት እንዳይወስድ አስጠንቅቆት፣ «በእጅህ ያለ ነገር አለ?» ሲለው፣ «በእናቴ አፅም የለም» ብሎ ማለለት።

ደኅና ነው፤ አትጨነቂ። አንድ ግትርነቱ ብቻ አስቸግሮኛል፤ ያንን አሮጌ ኮቱን አላወልቅም ይላል። ትራስ ብሰጠው ትራሱን ወደዚያ ገፍቶ ኮቱን ይንተራሳል። «ልጠብልህ» ብለው «የራሴ እጅ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም» አለኝ። ከእህቱ ኮቱን አስበልጧል።

እህትሽ ዘቢደር

•

መቱ፣ የካቲት 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ሳይቆዩ ደረሱኝ።

ለጠየቁኝ፣ የለም፣ የስፌት መኪናውን አልሸጥኩትም። ጠያቂ መጥቶ ነበር፤ «ባለቤቱ ይመጣል» ብዬ መለስኩት። ዘይት አጠጥቼ፣ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ይህንን ይንገሩልኝ። ሌላውን የቤቱን ወሬ ግን ለጊዜው አይንገሩት። ቃሬዛው ደጃችን መቆሙን ባያውቅ ይሻላል፤ ከሰማ ልቡን ይነካዋል።

ዶክተሩ ዝቅ አድርጎ መጀመሩ ደስ አሰኝቶኛል። እኔም አዲስ ዓይነት ዕቃ ሳመጣ መጀመሪያ ጥቂት ነው የማነሣው፤ ገበያው ምን እንደሚል ሳላውቅ ሙሉ ጭነት አላመጣም። ነጋዴ የሆነ ሐኪም አግኝታችኋል።

ሆዱ ደርቋል ላሉት ተልባ በዚህ አውቶቡስ ልኬያለሁ። በጥብጠው ጠዋት ጠዋት ያጠጡት። ዶክተሩንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማማ ከሆነ ለራስዎ ያድርጉት።

ትብለጥ

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ትብለጥ፣

እንደምን ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ገበያው እንዴት ነው? ዲሪቤስ እንደምን አለች? ኦቦ ኩመራንም በስሜ ሰላም በይልኝ፤ የገበያውን ሰው ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ። እኛ እጅግ ደኅና ነን። ልጆቹ ይሳለሙሻል። ጾሙ ሊገባ ነው፤ በሰላም ያስጀምረን። ተልባው መልካም ነው፤ ዶክተሩ ፈቅዷል፤ ጠቅሞታልም።

ወልዴ ደኅና ነው። በደንብ ይተኛል። ስለ እሱ ምንም አታስቢ። ስብሰባ ስለበዛብኝ በዚህ አበቃሁ።

የምትወድሽ ዘቢደር

•

መቱ፣ የካቲት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የደብዳቤዎ ቀን ጎን እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ሰላምታው በዝቷል፤ ዕቃው ሲያንስ መጠቅለያው ይበዛል።» እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እኔ ሃያ ዓመት ገበያ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ሻጭ ያልጠየቅሁትን ሲያወድስልኝ እጄን ወደ ከረጢቱ ሥር እሰድዳለሁ።

«በደንብ ይተኛል» ብለዋል። ወንድምዎን አውቀዋለሁ። መኪና ሳይገለብጠውም እንኳ ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ ይነቃ ነበር። ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው የሚተኛው?

አልጮህም፣ አልወድቅም። ግን የምወስነውን እንድወስን ያለውን ይንገሩኝ።

ትብለጥ

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.
(በሹፌሩ እጅ፣ አስቸኳይ)

እህቴ ትብለጥ፣

ሰላምታ ለማብዛት አልደፍርም። አውቀሽብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ልቀሰቅሰው ብገባ አልነቃም። ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ነው የሚመጣው። ሆስፒታል አድርሰን የሚያነቃውን መርፌ ወጉትና ነቃ። ያንን ነው «በደንብ ይተኛል» ብዬ የጻፍኩልሽ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዶክተሩ መጠኑን ቀነሰለት። ትናንት ደግሞ ያው ሆነ፤ በተቀነሰውም ሆነ።

ዶክተሩ ግራ ገብቶታል። «ይሄ መጠን ብቻውን እንዲህ ማድረግ የለበትም። ሌላ የወሰደው ነገር አለ ወይ?» አለኝ። ወልዴን ብጠይቀው አሁንም ማለ። ሻንጣውን ፈተሽኩ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ፣ የማሩን ቆርቆሮ ሳይቀር በማንኪያ አማሰልኩ። ምንም የለም። ሐኪም የሚያየውን ይዞ ነው የሚፈርደው። ሞርፊን የማይስማማው አካል ሊሆን ይችላል አለ። ከሚመጣው ረቡዕ ጀምሮ ወደ መርፌው ሊመልሰው ነው።

መርፌ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። መቱ አይመለስም። እንግዲህ ቤቴ ቤቱ ነው። ዕቃሽን ሸጠሽ ወደዚህ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? መርካቶ አካባቢ ሱቅ አይጠፋም። አልቅሼ ነው የጻፍኩልሽ፤ አንቺ ግን አታልቅሺ።

ዘቢደር

•

ቴሌግራም
መቱ፣ የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

መርፌው አይጀመር። የኮቱን ጠርዝ ፍቱ። ደብዳቤ ይከተላል። ትብለጥ

•

መቱ፣ የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

ቴሌግራሙን ልኬ ከቴሌ ደጅ ሳልርቅ ነው ይህንን የምጽፈው። ተሳስቼ ከሆነ ኮቱን መልሶ ለመስፋት ልብስ ሰፊ ቤትዎ አለ።

ወንድምዎ ቁራጭ የማይጥል ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ ቁራጭ ያስቀምጣል፤ እሱ ግን ያመልከዋል። ቤታችን ውስጥ ያለው ትራስ ሁሉ ከቁራጭ የተሠራ ነው። አዲስ ጣቃ ከመቁረጡ በፊት አሮጌው ላይ የቀረ እጅጌ የሚያህል ነገር አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። በዚያ በቤት ለቤት ፍተሻው ዓመት የእኔን የጆሮ ጌጥ ኮቱ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቶ፣ ፈታሾቹ በተቀመጡበት ኮቱን ለብሶ ሻይ ሲያቀርብላቸው ነበር። እኔ ራሴ የት እንዳደረገው ያወቅሁት ከሄዱ በኋላ ነው።

ከመርፌው በፊት የነበረው ኮዴይን ተርፎት ነበር። «የት አለ?» ብዬው «አልቋል» ብሎኛል። እውነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን የእርስዎን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ኮቱን ይንተራሳል፤ ለሌላ ሰው አያስነካም፤ አዲሱ መድኃኒት በጅማሬው ሕመሙን አልያዘለትም። እንግዲህ ወልደ የሱስ ሙሉ ልብስ ሲያጥር ምን ያደርጋል? ቁራጭ ይቀጥልበታል።

በአፅም ቢምል አይፍረዱበት። ለእሱ «በእጄ የለም» ማለት እውነት ነው፤ ያለው በጠርዙ ነው።

ሱቅ አልሸጥም፤ መርካቶም አልሄድም። ገና አልተሸነፍኩም።

ትብለጥ

•

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህቴ ትብለጥ፣ ዓይኔ ትብለጥ፣

ሳቄ ይቅደም ወይስ እንባዬ? ቴሌግራምሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። መቀስ ይዤ ገባሁ። ወልዴ ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ «ማን ነገረሽ?» አለ።

«ማንም አልነገረኝም። ስጠኝ።»

«ትብለጥ ናት። ያቺ ሴት ከመቱ ሆና ጠርዝ ታያለች!»

ፈታሁት። ትብለጥዬ፣ እንዴት ያለ ስፌት ነው! እያንዳንዱ ኪኒን የራሱ ትንሽ ኪስ አለው፤ ባቄላ በቅርፊቱ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነው የተቀመጠው። ገሚሱ ኪስ ባዶ ነበር። ኮቱን እንዳለ ለዶክተሩ ወሰድኩለት። ጠርዙን ወደ መስኮቱ ይዞ አየና «እኔም ሆድ ሰፍቼ እንዲህ አላሳምርም» አለ። ቀጥሎ ግን አልሳቀም። ወልዴን አስጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

«ኮዴይን ሆድህ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ነው የሚለወጠው። በአንድ ገበታ ላይ ሁለቴ ስትጠጣ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ቢሆን እህትህ አትቀሰቅስህም ነበር።»

«ይበላሻል ብዬ ነው፣ ዶክተር። መንግሥትም እኮ መድኃኒት የለም እያለ እንዴት ይጣላል?»

«ከአዲሱ ጋር ከምትወስደው ቢበላሽ ይሻላል። ቁራጭ ለጨርቅ ነው።»

ወልዴ ቀስ ብሎ፣ «ሕመሙ እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ነው» አለ። ዶክተሩም ድምፁን አለዘበ። «ሲያምህ ለጠርዝህ አትንገር፤ ለእኔ ንገረኝ። መጠኑን የምጨምረው እኔ ነኝ። ሳትነግረኝ ግን ከየት አውቃለሁ?» አለው። ተጨባበጡ።

መርፌው አልተጀመረም። ሽሮፑ ብቻውን እንደገና ከታች ተጀምሯል። የተረፈውን ኪኒን ሆስፒታሉ ተረክቦ አስወገደው። ወልዴ ሲያስወግዱት ላለማየት ፊቱን አዞረ።

ዘቢደር

•

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ትብለጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለበዓሉ በሰላም ያድርስሽ።

«አሁንስ እንቅልፉ እንዴት ነው?» ላልሽኝ፤ ዶሮ ስታራግፍ ይነቃል። ይበቃሻል? መጠኑን ዶክተሩ ከፍ እያደረገ አሁን ልኩ ላይ ደርሷል። እጅና እግሩ መፈንጠሩን ተወ። ትናንት የትንሿ ልጄ ቀሚስ ቁልፍ ወልቆ ነበር። መርፌና ክር ይዤ መነጽሬን ስፈልግ ከእጄ ወሰደና ክሩን ባንድ ጊዜ አስገባው። ሁለታችንም የሆነውን አወቅን። ቁልፉን ሰፋ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ «ሌላስ?» አለኝ። የዶክተሩን ካፖርት ገበርም ሠርቶ ሰጠው። ከጎረቤቴ የስፌት መኪና ተውሼለት ማታ ማታ አንድ ነገር ይሰፋል። ምን እንደሆነ እንዳልነግርሽ አስጠንቅቆኛል፤ እኔም አንዴ ስለዋሸሁሽ አሁን «አልነግርሽም» ማለቱን መርጫለሁ።

ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ብርድ ሲሆንና ብዙ ሲቀመጥ ያመዋል። ግን ይራመዳል። በራሱ እግር እስከ መርካቶ ሄዶ ሸራ ሲመርጥ ውሎ ተመልሷል።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ዶክተሩ፣ «መቱ ላይ ሽሮፑን ሳያቋርጥ የሚያገኝበት መንገድ ካልተዘጋጀ አልለቀውም። በድንገት ቢቋረጥበት ይታመማል፤ ወደ መርፌና ወደ ጠርዝ ይመለሳል» ይላል። ወረቀቱን በማኅተም ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ከዚህ ጋር አለ። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋብን ይህን ነገር የምታሳኪው አንቺ ነሽ።

ዘቢደር

•

መቱ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። መልሴ የዘገየው ነገሩ ሳይቋጭ ላለመጻፍ ብዬ ነው፤ ላልተቆረጠ ጨርቅ ልክ አይነገርም።

ወረቀቱን ይዤ በሆስፒታሉ የመድኃኒት ጉዳይ ወደሚያዩት ወደ ጓድ ደበሳ ሄድኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሹራቤን ይዤ ደጃቸው ቁጭ ብዬ ሠራሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ሹራቡ እጅጌው ላይ ሲደርስ አስገቡኝ። የተነጋገርነውን ደብተሬ ላይ ስላሰፈርኩት እንዳለ ልገልብጥልዎ።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ ሞርፊን ጨው አይደለም» አሉኝ።

«ጨው ቢሆንማ ጓድ፣ እኔ ጋ ይሸጥ ነበር፤ እርስዎን አላስቸግርም።»

«ሰው ሱሰኛ ያደርጋል።»

«ባለፈው ዓመት መርፌ ፍለጋ ስንቴ እናንተ በር ላይ ተሸክመን አመጣነው? ዘበኛው ሳይቀር ስሙን ያውቃል። አሁን በሰዓቱ ይጠጣል፣ ልብስ ይሰፋል። የቱ ነው ሱስ የሚመስለው?»

ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። «ዶክተሩ ጥሩ ጽፏል። ግን ጠርሙሱ ሰፈር ገብቶ ለጥርስ ሕመም፣ ለልጅ ሳል ቢቀዳስ? ያገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፤ መድኃኒት ለጎረቤት መከልከል ነውር ነው።»

እውነታቸውን ነው። ዲሪቤ ራሷ «ሲመጣ ለወገቤ ትቀጂልኛለሽ» ብላኛለች። ስለዚህ በዚህ ላይ አልተከራከርኩም። ይልቅ እንዲህ አልኳቸው፦

«ጓድ፣ የለስላሳ ንግድ አይተው ያውቃሉ? ባዶ ጠርሙስ ያልመለሰ ሙሉ አይወስድም። መድኃኒቱ እናንተ ጋ ይቆለፍ፤ ቁልፉም እናንተ ጋ። ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ስጡኝ። ባዶውን ይዤ ካልመጣሁ፣ ወይም ከቀኑ ቀድሜ ከመጣሁ፣ የዚያኑ ዕለት ዝጉብኝ። አዲስ አበባ የሚመላለሰው የመድኃኒት መኪናችሁ ሌላውን ሲጭን እሱንም ያመጣዋል። አዲስ መንገድ አልጠየቅኩም።»

ብዕራቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ወይዘሮ ትብለጥ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ብከለክልሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ።

«ሹራቡን እጨርስ ነበር። ከዚያ ሌላ እጀምራለሁ።»

ስቀው ፈረሙ። ሹራቡ ሲያልቅ ለእሳቸው ነው የሚሆነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ጉቦ እንዳይመስል ተውኩት። ወንድምዎ ይልበሰው።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዚህ ጋር ለዶክተሩ ልኬያለሁ። እንግዲህ ይልቀቁት።

ትብለጥ

•

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህቴ ትብለጥ፣

ዶክተሩ የጓድ ደበሳን ወረቀት ሲያነብ፣ «ባዶ ጠርሙስ በሙሉ ጠርሙስ? ይሄንን እኛም እዚህ ብንጀምረው» አለ። ወልዴ ሰኞ ይሳፈራል። ጅማ አድሮ ማክሰኞ እናንተ ጋ ይደርሳል።

አደራዬን ስሚ። ሽሮፑ ብቻውን ነው፤ ኪኒንም፣ መርፌም፣ አረቄም አይደረብበትም። ከባሰበት ለሐኪሙ ይነግራል። ከበዛበትና እንቅልፉ ካልፈታው ቀጣዩን እንዳትሰጪው፤ ፈጥነሽ ሆስፒታል ውሰጂው።

ስለ ቃሬዛው እንዳይሰማ ያልሽኝን በተመለከተ፣ ደጅሽ መቆሙን ያውቃል። ሹፌሩ ነግሮታል፤ ከነገረውም ቆይቷል። ልቡን ይነካዋል ብለሽ ነበር። ነክቶታል፤ እንዴት እንደነካው ግን ራሱ ያሳይሽ።

ቤቴ ባዶ ሊሆንብኝ ነው። ደስታው ግን ይበልጣል።

ዘቢደር

•

መቱ፣ ግንቦት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘቢደር፣

እንኳን ደስ አለዎ። እንኳን ደስ አለን።

በደኅና ገብቷል። «ሁሉንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ስላሉኝ እንዲህ ሆነ።

ሰኞ ማታ ኦቦ ኩመራ መጥተው፣ «ነገ ቃሬዛውን ይዘን አውቶቡስ ተራ እንጠብቀው?» አሉኝ። መራመዱን አልነገርኳቸውም ነበር። ለማንም አልነገርኩም። «ያምጡት» አልኳቸው። ሲሄድ ተኝቶ ያየው ከተማ ሲመጣ ቆሞ ይየው ብዬ ነው። ዝንጅብሌን አንሥቼ ቃሬዛውን አስረከብኳቸው።

አውቶቡሱ ሲቆም የእድሩ ሰዎች ቃሬዛውን ከበሩ ሥር አጋደሙት። ሰው ሁሉ ወረደ። በመጨረሻ ወንድምዎ ኮቱን ለብሶ፣ በብብቱ አንድ ጥቅል ይዞ ብቅ አለ። የበሩን ብረት ያዘ። አንድ እግሩን አወረደ፤ ሌላውንም አወረደ። ሁለት ቀን ተቀምጦ ስለመጣ ወገቡ ደርቆበት ነበር፤ ጥርሱን ሲነክስ አይቻለሁ። ግን ቀና አለ።

ዲሪቤ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ «ዱፌ! ሚላ ኢሳቲን ዱፌ!» ብላ ጮኸች። በእግሩ መጣ ስትል አውቶቡስ ተራው በሙሉ እልልታ ሆነ።

ኦቦ ኩመራ ብቻ ግራ ተጋቡ። «ወልዴ፣ ተኛ እንጂ» አሉት።

«ምን አጠፋሁ፣ ኦቦ ኩመራ?»

«ቃሬዛው ባዶውን አይመለስማ! ታውቃለህ።»

«ባዶውን ይመለሳል ማን አለ?» ብሎ ጥቅሉን ፈታው። ለካ ያ ማታ ማታ ይሰፋው የነበረ፣ ከመርካቶ ሸራ የመረጠለት፣ የቃሬዛ ልብስ ነው! ዳርና ዳሩ በድርብ የተሰፋ፣ መሃሉ በመስቀል የተጠናከረ። ቃሬዛው ላይ ዘረጋው።

«ስትሸከሙኝ አሮጌው ሸራ መሃሉ ረግቦ ወገቤን ገደለኝ» አላቸው። «እናንተን ላለማስቀየም ነው ዝም ያልኩት። ከእንግዲህ የሚተኛበት ሰው እንደ እኔ አይታመም።»

ኦቦ ኩመራ ስፌቱን በጣታቸው ሄዱበት፣ ጎተቱት፣ ጉልበታቸውን ጫኑበት። «ጋሪዳ» አሉ፤ «ጥሩ ነው» ማለት በእሳቸው አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ አራት ሆነው አነሡት። ፊት ፊት ቃሬዛው ሻንጣውንና የእርስዎን ስጦታ ጭኖ፣ ከኋላ ወንድምዎ እየተራመደ፣ መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ እየተከተለ ገባን። ሁለቴ ቆሞ አረፈ። አልተሸከምነውም።

ሕመሙ አልጠፋም፤ ይህንን ለእርስዎ አልሸሽግም። ግን ድሮ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ አሁን ጥግ ይዞ የተቀመጠ ተከራይ ነው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ባዶውን መልሼ ሙሉውን ተቀብያለሁ። ጓድ ደበሳ ባዶውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩትና «ነጋዴ ነሽ» አሉኝ። ዲሪቤ ለወገቧ ስትለምነኝ «ቁልፉ ጓድ ደበሳ ጋ ነው» አልኳት፤ እሳቸው ጋ ለመሄድ ደግሞ አትደፍርም። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ደጃችን ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ትናንት ተኝቶ ሳለ ኮቱን ላጥብለት አወረድኩት። ከመንከሬ በፊት ጠርዙን ዙሪያውን በጣቴ ዳበስኩት፤ ከግራ እስከ ቀኝ፣ እጅጌውንም፣ አንገትጌውንም። ስጨርስ ቀና ብል ነቅቶ እያየኝ ነው።

«አገኘሽ?» አለኝ።

«ባዶ ነው» አልኩት።

«እንግዲህ እጠቢው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ውጭ ዶሮ ክንፏን አራገፈች፤ ነቃና ሰደባት።

ኮቱ አሁን ገመድ ላይ ነው፤ ፀሐይ አግኝቷል።

ሁልጊዜ የማከብርዎ ትብለጥ